ቅልን ሳይበሰብስና ሳይጨማደድ ማድረቅ፦ ለሐዋሳ አየር የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ቅል አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ማድረቂያው ላይ ሳይሆን በተቆረጠበት ቀን ነው። ሳይደርስ የተቆረጠውን ምንም ዓይነት ነፋስ፣ ቆጥ ወይም በረኪና አያድነውም። ደርሶ የተቆረጠው ግን ቦታ ከተሰጠውና ካልተነካካ በራሱ ጊዜ ይደርቃል። ስለዚህ ከማድረቁ ይልቅ ስለ መቁረጡ ረዘም አድርገን እንጽፋለን።

እዚህ የምንናገረው ነጭ አበባ ስለሚያወጣው፣ አበባው ወደ ማታ ስለሚፈካው፣ ቅርፊቱም ሲደርቅ እንጨት ስለሚሆነው ቅል ነው። የሳይንስ ስሙ ላጀናሪያ ሲሴራሪያ ነው። ቢጫ አበባ ያላቸው ትንንሽ የጌጥ ዱባዎች ሌላ ዘር ናቸው። ቅርፊታቸው ስስ ነው፤ ቀለማቸውም በወራት ውስጥ ይደበዝዛል፤ ለመቁረጥና ለመቅረጽ አይሆኑም። ጠረጴዛ ላይ ለአንድ ወቅት ከማስቀመጥ ያለፈ ሥራ አይጠብቁባቸው።

ወቅቱን መምረጥ

በሐዋሳ ዝናቡ ከበልግ ጀምሮ ክረምቱን አልፎ እስከ ጥቅምት ሊጎተት ይችላል። የሚታመነው ደረቅ ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ነው። ቅል ከተተከለ በኋላ ቅርፊቱ እስኪጠና ከ4 እስከ 6 ወር ይፈልጋል። ሚያዝያ ላይ የተተከለ ሐረግ ፍሬውን መስከረምና ጥቅምት ላይ ያደርሳል፤ ተቆርጦ ቆጥ ላይ ሲወጣም በጋው ይቀበለዋል። ሐምሌ ላይ የተተከለው ግን የሚደርሰው በጋው ሊያልቅ ሲል ነው። ትንንሾቹ እንደምንም ይደርቃሉ፤ ትልልቆቹ ግን ውሃቸውን ሳይጨርሱ የበልጉ ዝናብ ይደርስባቸዋል።

አዳማን በመሰለ ደረቅና ነፋሻ ከተማ የሚሠራ ሰው የአየሩን እርጥበት እምብዛም አያስብበትም። ሐዋሳ ላይ ግን፣ በተለይ ሐይቁ ዳር ባሉ ሰፈሮች፣ ጠዋት ጠዋት አየሩ ከብዶ ይውላል። ሻጋታ ስለሚበዛ የማድረቂያው ቦታ ምርጫ ከሌላው አገር ይልቅ እዚህ ዋጋ አለው።

1. መድረሱን ማወቅ

ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል ይባላል፤ ያልደረሰ ቅል ግን በጥፍር ይበሳል። ፈተናውም ይኸው ነው፤ ጥፍርዎን ቅርፊቱ ላይ ጫን ሲያደርጉ ምልክት ከተወ ቅሉ ገና ነው። ይህን ፈተና ግን ገና በማደግ ላይ ባለ ለጋ ፍሬ ላይ አይሞክሩ። የጥፍሩ ጠባሳ ከቅሉ ጋር አብሮ ያድግና ሲደርቅ ጎልቶ ይታያል።

ከጥፍር በፊት የሚታዩ ምልክቶች አሉ። ለጋ ቅል ሲዳስሱት ለስላሳ ጸጉር አለው፤ ሲደርስ ጸጉሩ ረግፎ ቅርፊቱ ልሙጥ ይሆናል፣ ያብረቀርቃል። ደማቁ አረንጓዴ ወደ ነጣ ያለ ወይም ወደ ቢጫ ይለወጣል። ከፍሬው አጠገብ ያለው ጠምዛዛ የሐረግ ክር ይደርቃል። ከሁሉም በላይ የሚታመነው ግን ፍሬውን ከሐረጉ ጋር የያዘው ዘንግ ነው። አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ተክሉ ፍሬውን እየመገበ ነው፤ ቡናማ ሆኖ ሲደርቅና ሲጠነክር ምግቡ ተቋርጧል ማለት ነው፤ መቁረጥ የሚቻለው ያኔ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመጠኑ ነው። ቅል ሙሉ ቁመቱን የሚይዘው ቀድሞ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት የሚያሳልፈው ቅርፊቱን በማወፈር ነው። ከውጭ ሲታይ ምንም ለውጥ የለም፤ ውስጡ ግን ገና እየተሠራ ነው። «ይህ በቅቶታል» ተብሎ በመጠኑ ብቻ የተቆረጠ ቅል በ3 ሳምንት ውስጥ ተጨማዶ፣ ጎኑ ወደ ውስጥ ሰርጉዶ ይገኛል።

ከብት ወይም ሕፃን ካላሰጋዎት፣ ዝናቡም ካቆመ፣ የደረሰውን ቅል ሐረጉ ላይ እንዳለ መተው ይቻላል። ዳስ ላይ ተንጠልጥሎ ከአፈር ሳይነካ የሚደርቅ ቅል ከሁሉም ንጹሕ ይወጣል። መሬት ላይ የተኛውን ግን ከሥሩ ደረቅ ሣር ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ያድርጉለት። እርጥብ አፈር የነካው ጎን ቀድሞ ይበሰብሳል።

2. አቆራረጥ

በስለታም ካራ ወይም በአትክልት መቀስ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ዘንግ አስቀርተው ይቁረጡ። ከተቻለ በዘንጉ ግራና ቀኝ ከሐረጉም ትንሽ አብሮ ይቅር፤ ለማንጠልጠያ ይረዳል፣ ለጌጥም ያምራል። ዘንጉን ጠምዝዘው አይንቀሉት፤ ቅሉንም በዘንጉ አንጠልጥለው አይሸከሙት። ዘንጉ ከሥሩ ከተነቀለ የሚቀረው ቀዳዳ ለሻጋታና ለነፍሳት በር ይከፍታል።

ከእርሻ ወደ ቤት ሲያመጡ ጆንያ ውስጥ ደራርበው ባጃጅ ላይ የሚጭኑ ከሆነ በየመሀሉ ገለባ ወይም ደረቅ የሙዝ ቅጠል ይጎዝጉዙ። ግጭቱ በዚያው ቀን አይታይም፤ ከ2 ወይም ከ3 ሳምንት በኋላ የተመታው ቦታ ጠቁሮ ይላላል። ማድረቂያው ላይ «በሽታ ገባ» ከሚባሉት ብዙዎቹ የመንገድ ቁስል ናቸው።

ጥቃቅን ቀዳዳ ያላቸውንና ከቀዳዳው ሙጫ መሰል ፈሳሽ የወጣባቸውን ለይተው ያስቀምጡ። የፍራፍሬ ዝንብ ፍሬው ለጋ ሳለ በስቶ እንቁላል የጣለባቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ውስጣቸው ትል ካለ ከጤነኞቹ ጋር አንድ ቆጥ ላይ አይውጡ።

3. አጠባ

አፈሩን ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና በጨርቅ ያጥቡ። ሸካራ ብሩሽና ሽቦ በዚህ ደረጃ አይነካውም፤ እርጥብ ቆዳ ቶሎ ይላጣል። ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ አቅጥነው፣ በዚያ በተነከረ ጨርቅ ዙሪያውን፣ በተለይ ዘንጉ ሥርና የአበባው ጠባሳ ባለበት ታች በኩል ይጥረጉ። ጓንት ያድርጉ፣ ደጅ ይሥሩ፤ በረኪናን ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ይጎዳል። ቅሉን ውሃ ውስጥ ነክረው አያሳድሩ። ከጠረጉት በኋላ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አድርቀው አየር ላይ ያውሉት።

በረኪናው ሻጋታን ለዘለዓለም አያስቀርም። ሥራው መጀመሪያ ላይ ያለውን ብዛት መቀነስ ብቻ ነው።

4. ቦታው

ከአዲስ ቅል ክብደት አብዛኛው ውሃ ነው። 2 ኪሎ የመዘነው ደርቆ ወደ 200 ግራም አካባቢ ሊወርድ ይችላል። ይህ ሁሉ ውሃ የሚወጣው በቅርፊቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎችና በዘንጉ በኩል፣ በጣም በዝግታ ነው። ከቦታው የሚፈለገው ከቅሉ የሚወጣውን እርጥበት የሚወስድ ነፋስ ነው እንጂ ሙቀት አይደለም።

ከመሬት ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ቆጥ ይሥሩ። ርብራቦቹ በ5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራራቁ፣ ወይም ላዩ ላይ የዶሮ ሽቦ ይወጠር። ቅሎቹ እርስ በርስ አይነካኩ፤ በመካከላቸው እጅ የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። የተነካኩበት ቦታ ላይ ሁለቱም አብረው ይበሰብሳሉ። ቆጡ ጥላ ሥር፣ ነፋስ ከአንድ ወገን ገብቶ በሌላው የሚወጣበት በረንዳ ላይ ቢሆን ይመረጣል። በቆርቆሮ ጣሪያው ሥር ጠጋ ብሎ የሚሰቀል ከሆነ ከቆርቆሮው ቢያንስ 1 ሜትር ዝቅ ይበል፤ የበጋ ፀሐይ ያጋለው ቆርቆሮ ቅሉን ከላይ ሲያደርቀው ታቹ ርሶ ይቀራል፣ ያኔ ይሰነጠቃል።

አንገተ ረጅሞቹን በገመድ አንጠልጥሉ፤ አንገታቸው ቀጥ ብሎ ይደርቃል። ሆዳሞቹ ቆጥ ላይ ቢቀመጡ ይሻላል፤ ክብደታቸው ዘንጉን ይገነጥለዋል።

ከምድጃ በላይ ጭስ ላይ መስቀልም የኖረ ዘዴ ነው። ነፍሳትን ያርቃል፣ ማድረቁንም ያግዛል። ነገር ግን ቅርፊቱን ያጠቁራል፣ ሽታውም አይለቅም። ለወተት ዕቃ መልካም ነው፤ ቀለም ሊቀቡት ወይም ሳሎን ሊሰቅሉት ካሰቡ ግን ከጭስ ያርቁት።

አሁን ደግሞ ለማፋጠን ተብለው የሚደረጉ፣ ግን ቅሉን የሚያጠፉ ነገሮች አሉ። መብሳት አንዱ ነው፤ «ውሃው በቀዳዳው ይውጣ» ተብሎ ይበሳል፣ በቀዳዳው ግን ከሚወጣው ውሃ ይልቅ የሚገባው ሻጋታ ይበልጣል። ምድጃ ውስጥ ወይም የዳቦ መጋገሪያ ላይ ማስቀመጥም እንዲሁ ነው፤ ሙቀቱ ውስጡን ይቀቅለውና ያልደረቀው ሥጋ ይፈላል። በፌስታል ወይም በላስቲክ መሸፈን ከሁሉም የከፋ ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ማስጣት ደግሞ አንዱን ጎን አደብዝዞ፣ ሌላውን አርጥቦ፣ ሲቆይ ስንጥቅ ያመጣል።

5. በየሳምንቱ የሚደረግ

በሳምንት አንድ ቀን እያንዳንዱን ቅል ያገላብጡ፤ ባለፈው ሳምንት ታች የነበረው ጎን ወደ ላይ ይዙር። እግረ መንገድዎን ይዳስሱት።

ሻጋታ ይመጣል። ነጭ ብናኝ፣ ግራጫ ጸጉር፣ ጥቁር ነጠብጣብ፤ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ቆጡ ሁሉ የታመመ ይመስላል። ብዙ ደህና ቅል ቆሻሻ ውስጥ የሚጣለው በዚህ ጊዜ ነው። ሻጋታው ላዩ ላይ ያለችውን ስስ ቆዳ ይበላል እንጂ ጠንካራውን ቅርፊት አይነካም፤ እንዲያውም የሚተወው ቡናማና ጥቁር ዥጉርጉር ሲታጠብና በሰም ሲወለወል በእጅ የማይሠራ ጌጥ ይሆናል። ነጣ ያለ፣ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ቅል ከፈለጉ ብቻ በቀጠነው በረኪና በየጊዜው ይጥረጉት።

መለያው ጣት ነው። የሻገተውን ቦታ ሲጫኑት ጠንካራ ከሆነ ይተዉት። ከላላ፣ ከሰረገደ፣ ፈሳሽ ካወጣ ወይም ክፉ ሽታ ካለው በስብሷልና ወዲያው ያውጡት፤ ፈሳሹ ከሥሩ ያለውን እንዳያበላሽ ለነገ አይባልም።

መድረቁን ለመከታተል ከሁሉ የሚሻለው ሚዛን ነው። ዘንጉ ላይ ወረቀት አስረው የተቆረጠበትን ቀንና ክብደቱን ይጻፉ፤ በየ2 ሳምንቱ ይመዝኑ። ክብደቱ በተከታታይ 3 ሚዛን ካልተለወጠ ደርቋል። ሚዛን ከሌለ ያንኳኩት፤ ድምፁ ባዶና ጥርት ያለ ይሆናል። ሲነቀንቁት ዘሩ ይንሿሿል፤ ይህ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። አንዳንዱ ውስጥ ሥጋው ደርቆ ዘሩን ከግድግዳው ጋር ስለሚያጣብቀው ሙሉ በሙሉ የደረቀ ቅል ዝም ሊል ይችላል። መዳፍዎ ላይ መታ መታ ሲያደርጉት ብዙ ጊዜ ይላቀቃል።

ጊዜውን በተመለከተ በጡጫ የሚያክል ከ1 እስከ 2 ወር፣ መካከለኛው ከ2 እስከ 4 ወር፣ ትልቁና ቅርፊተ ወፍራሙ 6 ወርና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ቅርፊቱ የወፈረ ቅል የሚዘገይ ቢሆንም ለቅርጽ ሥራ የሚፈለገው እሱ ነው።

ከነቆዳው ሳይደርቅ አረንጓዴውን ቆዳ ፍቆ የማድረቅ ዘዴም አለ። ከተቆረጠ ከ2 እስከ 3 ሳምንት በኋላ ቆዳው ሲላላ በደነዘዘ ቢላ ጀርባ ቀስ ተብሎ ይፋቃል። የሚወጣው ቅል ንጹሕ፣ ወደ ክሬም የሚያደላ፣ ነጠብጣብ የሌለበት ነው፤ ማድረቁም ይፈጥናል። ግን ውሃው በድንገት ስለሚወጣ ቅርፊቱ ስስ ከሆነ ይሰረጉዳል ወይም ይሰነጠቃል። ሙሉ በሙሉ በደረሰና በወፈረ ቅል ላይ ብቻ ይሞክሩት፤ ያለዎትን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይፋቁ።

ደርቆ የሚገዛ ከሆነ

ማብቀልና መጠበቅ የማይመቸው ሰው የደረቀውን ከገበያ መግዛት ይችላል። በአካባቢው የገጠር ገበያዎች ለወተት፣ ለቅቤ መናጫና ለመጠጫ የሚሆኑ ቅሎች ይመጣሉ። ሲገዙ ዙሪያውን አንኳኩተው አንድ ቦታ ላይ የታፈነ ወይም የተሰበረ ድምፅ እንደሌለው ይስሙ። አፉ የተከፈተ ከሆነ ወደ ፀሐይ አዙረው ውስጡን ይመልከቱ፤ የጸጉር ያህል ስንጥቅ ብርሃን ያሳልፋል። ለጌጥ የሚሆነውን ሲመርጡ አዲስ፣ ምንም ያልተያዘበትን ይምረጡ። ቅቤ የኖረበት ቅል ውበቱ ሌላ ቢሆንም ቅባቱ ቅርፊቱ ውስጥ ስለገባ ቀለምም ቫርኒሽም አይዝለትም፤ በወራት ውስጥ ይላጣል። እንዲህ ያለውን እንዳለ ወልውሎ መስቀል እንጂ መቀባት አያዋጣም።

6. ከውጭ ማጽዳት

የደረቀው ቅል ላይ የቀረችው ቆዳ ቆሻሻ ትመስላለች፤ ሥሯ ግን ለስላሳ እንጨት አለ። ሙቅ ውሃ በባልዲ ያዘጋጁ፣ ጥቂት ሳሙና ያድርጉ። ቅሉ ስለሚንሳፈፍ እርጥብ ፎጣ ይጫኑበት፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ክብ ክብ እያደረጉ ይፈግፍጉ፤ እልከኛውን ቦታ በደነዘዘ ቢላ ይፋቁ። የተፋቀው ቆዳ ቅሉ ላይ ሳይደርቅ ያለቅልቁት፤ ተመልሶ ከተጣበቀ ሥራው እንደገና ይጀመራል። ያለቀውን 1 ወይም 2 ቀን ጥላ ላይ ያድርቁ። ቫርኒሽ የሚቀቡት ከሆነ አንድም የቆዳ ርዝራዥ አይቅር፤ ቫርኒሹ ሥሩ ያለውን ቆዳ ይዞ ይላጣል።

ሲደርቅ ሳይሆን እርጥብ ሳለ መፈግፈጉ ያለ ምክንያት አይደለም። የሻጋታውና የቅሉ አቧራ ሳል፣ የዓይን ማቃጠልና የጉሮሮ መከርከር ያመጣል። ከዚህ በኋላ ያለውን ሥራ ሁሉ ማስክ አድርገው፣ ከተቻለ ደጅ ይሥሩ። አስም ያለበት ሰው የውስጡን ማጽዳት ለሌላ ይስጥ።

7. መቁረጥና ውስጡን ማውጣት

የሚቆረጠውን መስመር በእርሳስ ያስምሩ። መስመሩ ዙሪያውን እኩል እንዲሆን እርሳሱን አንድ ቁልል መጽሐፍ ላይ አስደግፈው ቅሉን ራሱን ያዙሩት። በወስፌ ወይም በስለታም ቢላ ጫፍ መስመሩ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ይክፈቱ፤ በዚያ ውስጥ ጥርሱ ደቃቅ የሆነ የብረት መጋዝ ምላጭ አስገብተው ሳይጫኑ ይጋዙ። ምላጩን በአንድ ጫፉ በጨርቅ ጠቅልለው ይያዙት። የሚጫን እጅ ቅሉን ይሰነጥቃል፤ ከባዱ ሥራ የምላጩ እንጂ የክንድ አይደለም። ቅሉ እንዳይንሸራተት አሸዋ በተሞላ ጨርቅ ከረጢት ላይ ያስቀምጡት።

ከተከፈተ በኋላ ዘሩንና ስፖንጅ የመሰለውን ሥጋ በብረት ማንኪያ ይፍቁ። ከመፋቅዎ በፊት ውስጡን በውሃ ረጨት ያድርጉት፤ አቧራውን ያስቀምጠዋል። አፈ ጠባቡን ደግሞ ማንኪያ ስለማይገባበት 2 እፍኝ ጠጠርና ጥቂት ውሃ ጨምረው ይነቅንቁ፣ ያፍስሱ፣ እስኪጠራ ይድገሙ።

ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ያስተካክሉ፤ መጀመሪያ 80 ቁጥር፣ ቀጥሎ 120፣ መጨረሻ 220። ታቹ ክብ ስለሆነ የማይቆም ከሆነ 2 አማራጭ አለ። ቅርፊቱ ወፍራም ከሆነ ጠፍጣፋ መሬት ላይ በተለጠፈ 80 ቁጥር ወረቀት ላይ አሽተው ታቹን ያደላድሉ፤ በየመሀሉ እያቆሙ ውፍረቱን በጣት ይፈትኑ። ስስ ከሆነ አይሹት፤ ከስንደዶ ወይም ከገመድ የተጠመጠመ ማቶት ይሥሩለት። በእኛ ዓይን ማቶት ላይ የተቀመጠ ቅል ታቹ ከተሞረደው ይልቅ ያምራል።

ቢሰነጠቅ አይጣሉት። ስንጥቁ ባለቀበት ጫፍ 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይብሱ፤ እንዳይቀጥል ያቆመዋል። የእንጨት ኮላ ከራሱ ከቅሉ ብናኝ ጋር ለውሰው ስንጥቁን ይሙሉ፣ በገመድ ጠፍረው ያሳድሩ። ወይም በስንጥቁ ግራና ቀኝ በወስፌ ብስተው በሰም በተቀባ ክር ይስፉት፤ የተሰፋ ቅል በገጠር ቤት ሁሉ አለ፣ ስፌቱም ጌጥ ነው።

8. ማስጌጥ

በጋለ ብረት መተኮስ ቅል ከሁሉ የሚቀበለው ጌጥ ነው። ንድፉን በእርሳስ ይሳሉ፤ በጋለ ሚስማር ወይም የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች በሚጠቀሙበት ካውያ ይከተሉት። ካውያው አዲስ ጫፍ ይኑረው፤ አሮጌው ላይ የቀረው የመበየጃ ቆርቆሮ እርሳስ ብረት ሊኖረው ስለሚችል ጭሱ ጤና አይደለም። ብረቱ በአንድ ቦታ ከቆመ ነጥቡ ይሰፋል፤ እጅ ሳይቆም ይሂድ። አንድ ጊዜ አጥብቆ ከመተኮስ 2 ጊዜ በስሱ መተኮስ መስመሩን ያጠራዋል።

ቀለም ለመስጠት ቡናማ ወይም ጥቁር የጫማ ቀለም በጨርቅ ተቀብቶ ከ10 ደቂቃ በኋላ በደንብ ይወልወላል። የተተኮሰው መስመር ውስጥ ስለሚገባ ንድፉን ያጎላዋል። የግድግዳ ቀለም ከተቀባ ግን የቅሉ መልክ ይጠፋል። ጠርዙን በአለላ መስፋት፣ ዛጎል ወይም ዶቃ መትከልም ይቻላል። ለዚህ ከጠርዙ 8 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ በ1 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ይበሱ፤ ለጠርዙ ከቀረበ ይቦደሳል።

የመብራት ሽፋን ለመሥራት የሚመረጠው ክብ ሆዳም፣ ቅርፊቱ ከ4 ሚሊ ሜትር የማያንስ ቅል ነው። ታቹን እጅ በሚያስገባ ስፋት፣ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ይክፈቱ፤ ላዩን ለአምፖል መያዣው ልክ ይብሱ። ንድፉን ነጥብ በነጥብ ምልክት አድርገው በድሪል ይብሱ፤ ከ2፣ ከ3 እና ከ5 ሚሊ ሜትር ፑንታ በማቀያየር ብርሃኑ ይለያያል። በቀዳዳዎቹ መካከል ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ይቅር። ፑንታውን በፍጥነት እንጂ በጉልበት አይግፉት፤ ሲገፋ ከውስጥ በኩል ቅርፊቱን ይገነጥላል። የሚገባው አምፖል ከ3 እስከ 5 ዋት የሆነ ኤልኢዲ ብቻ ይሁን። የድሮው የሚግለው አምፖል ቅሉን ያቃጥላል። ገመዱን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ያያይዘው።

ለመጨረሻ ሽፋን ቫርኒሽ በስሱ 2 ወይም 3 ጊዜ ይቀባል፤ በየመሀሉ በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ያህል ይድረቅ፣ በ320 ቁጥር ወረቀት በቀላሉ ይታሽ። በዝናብ ወቅት ቫርኒሽ አይቅቡ፤ በሐዋሳ ክረምት እርጥበት ገብቶበት ወተት የመሰለ ነጭ ደመና ይይዛል። ማንጸባረቁን የማይወድ ሰው የንብ ሰም በጥቂቱ አሙቆ በጨርቅ ይቀባና ይወልውል። የአበባ ማስቀመጫ ከሆነ ለደረቅ አበባ ብቻ ነው፤ ውሃ ከያዘ ከወር በኋላ ታቹ ይላላል። ለእርጥብ አበባ ውስጡ ጠርሙስ ያስገቡ።

ለመጠጥና ለምግብ የሚሆነው

ሾርቃ፣ ጭልፋ ወይም የወተት ዕቃ የሚሆነው ቅል ቀለም፣ ቫርኒሽና የጫማ ቀለም አይነካውም፤ ሰም ብቻ፣ እሱም ከውጭ። አዲስ ቅል ውስጡ መራራ ነው። መራራው ነገር ሆድ የሚያሳምምና መርዛማ የሆነ ንጥረ ነገር ስለሆነ ከሥጋውም ከአቧራውም አይቀመስ። ውስጡ ተፍቆ ከጸዳ በኋላ የፈላ ውሃ ይሞሉት፣ 24 ሰዓት ያቆዩት፣ ይድፉት፤ ውሃው ቀለምም ምሬትም መስጠት እስኪያቆም 5 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይደጋግሙ። ምሬቱን ለማወቅ ጠብታ ምላስ ላይ አድርጎ መትፋት ይበቃል። ከዚያ አድርቀው በወይራ ያጥኑት፤ ጭሱ ውስጡን ያጣፍጣል፣ ወተቱንም ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዛል።

አቀማመጥና ዘር

የደረቀ ቅል ጠላቱ አይጥና ነቀዝ ነው። ሁለቱም የሚመጡት ውስጡ ላለው ዘር ነው፤ ያልተከፈተውን ለረጅም ጊዜ የሚያስቀምጡ ከሆነ ከመሬት ከፍ አድርገው፣ ዘንጉን በገመድ አስረው ይስቀሉ። ቅርፊቱ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳና ከሥሩ ዱቄት ካዩ ከሌሎቹ ለይተው ይክፈቱትና ውስጡን ያጽዱ።

ዘሩን ከበሰበሰ ሳይሆን ቅርጹን ከወደዱት ቅል ይውሰዱ። ጥላ ላይ 1 ሳምንት አድርቀው በወረቀት ፖስታ ያስቀምጡ፤ ላዩ ላይ የቅሉን ቅርጽ ይሳሉበት። ቅል ከዱባ ጋር አይዳቀልም፤ የተለያየ ቅርጽ ያላቸው ቅሎች ግን እርስ በርስ ይዳቀላሉ። ስለዚህ አንገተ ረጅሙንና ሆዳሙን አንድ ጓሮ የተከለ ሰው በቀጣዩ ዓመት ያልጠበቀውን ቅርጽ ሊያይ ይችላል። ቅርጹን ጠብቆ ማቆየት የሚፈልግ ሰው ሊፈካ የደረሰውን የሴቴ አበባ (ከሥሩ ትንሽ ቅል ያለውን) ከሰዓት በኋላ በክር አስሮ ይዝጋው። ማታ ሲሆን ፈትቶ ከዚያው ዓይነት ሐረግ የተቀጠፈ ወንዴ አበባ ይንካበትና መልሶ ይሰረው፤ ፍሬው ላይም ምልክት ያድርግ። ሚያዝያ ላይ ሲተክሉ ዘሩን አንድ ሌሊት ለብ ባለ ውሃ ነክረው ያሳድሩት። በ1 ጉድጓድ 3 ፍሬ 2 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይቅበሩ፤ ሲበቅል ጠንካራውን ብቻ ያስቀሩ። በጉድጓዶቹ መካከል 2 ሜትር ይተዉ፤ ዳሱንም ሐረጉ ከመዘርጋቱ በፊት ያቁሙ።